ባልና ሚስት ለዕረፍት ሲጓዙ፦ ገንዘቡ ከየት? ቤቱስ ለማን?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንዲት አባል ተነሥታ፣ «ከቆጠብኩት ላይ አውጥቼ ከባለቤቴ ጋር ጣና ሐይቅን አይቼ መምጣት እችላለሁ ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ተከራከርን። ገሚሱ «የራሷ ገንዘብ ነው፣ ምን አገባን?» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለዶሮና ለበግ እንጂ ለሽርሽር አይደለም» አለ። ሰዓቱም መሸና ሳንወስን ተለያየን። ኮሚቴው ሒሳብ ስለምይዝ ጉዳዩን አይቼ ሐሳብ እንዳቀርብ አዞኛል። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ መንገድ ላንሣ። እኛ ሲሪንቃዎች መንገድ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ከወልድያ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በደጃችን ያልፋል። ለገበያ መርሳ እንወርዳለን፤ ለሕክምና ወልድያ እንወጣለን፤ ሲብስብን ደሴ እንሄዳለን። ክርስቲያኖቹ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ለገናም ለላሊበላ እንሳለማለን። ሙስሊም እህቶቻችን ለዚያራ ወደ ዳና ይሄዳሉ። ለቅሶውንና ሠርጉንማ ማን ቆጥሮት!

ግን እስኪ እያንዳንዳችን ከቤት የወጣንበትን ምክንያት እናስታውስ። አንድም ሰው ታሞ ነው፤ አንድም ሰው ሞቶ ነው፤ አንድም ስለት ኖሮብን ነው፤ አንድም የሚሸጥ ነገር ይዘን ነው። «ደክሞኛልና ላርፍ» ብላ መንገድ የጀመረች ካለች እጇን ታውጣ። ከባሎቻችን ጋርማ ጎን ለጎን ሆነን ሩቅ የሄድንበት ጊዜ የትኛው ነው? ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቀያችን ሲመጣ ልጅ አዝለን፣ ያገኘነውን ጠቅልለን የሸሸንበትን ነው።

ጀልባ የሚለው ቃልም ለእኛ ቀላል ቃል አይደለም። ከሀብሩ የወጡ ልጆቻችን በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሰው፣ ሌሊት በጀልባ ተጭነው ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ የሚሄዱበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ መንገድ ሄዶ ገንዘብ የላከ አለ፤ ታስሮ የተመለሰ አለ፤ ድምፁ የጠፋም አለ። ልጇ በዚያ ያለፈባት እናት «ጀልባ ላይ ወጥቶ መዝናናት» ሲባል ሆዷ ቢባባ አይፈረድባትም።

በሌላው ዓለም ግን ባልና ሚስት ገንዘብ ቆጥበው፣ ፈቃድ ወስደው፣ ለዕረፍት ብቻ መርከብ ላይ የሚወጡበት ልማድ አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ክሩዝ ይሉታል። ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ካሪቢያን ባሕር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. የጎበኟት ጃማይካ ያለችው በዚያ ባሕር ላይ ነው። ከፍሎሪዳ ወደብ ይነሡና መርከቡ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን ቀን ደሴት ላይ እያወረዳቸው፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ተነሡበት ይመልሳቸዋል። መኝታውም ምግቡም ጭፈራውም እዚያው መርከቡ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ የሚባለው መርከብ 365 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 20 ፎቅ አለው። ከ5 ሺህ በላይ መንገደኛና ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ ይይዛል። የቀበሌ ሕዝብ በሞላ አንድ መርከብ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ይህን የማወራላችሁ እንድንመኘው አይደለም። ዋጋው በዶላር ነው፣ የእኛ ጉዳይ አይደለም። እኔን የገረመኝ የሠራተኛው ቁጥር ነው። አምስት ሺህ ሰው እንዲያርፍ ሁለት ሺህ ሰው አያርፍም። አብሳዩ፣ አጣቢው፣ አልጋ አንጣፊው ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያ ለወራት ኮንትራት ፈርሞ የመጣ ነው፤ ቤተሰቡን የሚያየው ኮንትራቱ ሲያልቅ ነው። አረብ አገር ሠርተው የተመለሱት አባሎቻችን ይህን ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል። አሠሪዎቻቸው ባሕር ዳርቻ ሲዝናኑ እነሱ ሕፃን ታቅፈው፣ ዕቃ ተሸክመው ባሕሩን በዳር አይተውታል። ዕረፍት ባለበት ሁሉ የሚያርፍ ሰው አለ፤ የሚያሳርፍም ሰው አለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መርከቡ ላይ ሁለት ሺህ ሰው የሚሠራውን በእኛ ቤት አንዲት ሴት ትሠራዋለች ብል ማጋነን ይሆናል። የሥራው ዓይነት ግን ያው ነው፦ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማንጠፍ፣ ማስተናገድ። ልዩነቱ የመርከቡ ሠራተኛ ኮንትራቱ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎ ተሰጥቶታል፤ የእኛ የማለቂያ ቀን የለውም። ስለዚህ ባልና ሚስት ለዕረፍት ይሂዱ ስንል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ወዴት?» ብለን መሆን የለበትም፤ «ሚስቲቱ በእውነት ታርፋለች ወይ?» ብለን ነው። ሦስት ቀን ስንቅ ስታዘጋጅ ከርማ፣ መንገድ ላይ ልጅ ስትይዝ ውላ፣ ደርሳ ምግብ የምታቀርብ ከሆነ ወጥ ቤቷን ይዛ ዞረች እንጂ አላረፈችም።

ጥያቄው የተነሣው ስለ ጣና ነውና ስለ ጣና ልናገር። እኔና ባለቤቴ የሄድነው ከጦርነቱ በፊት፣ ልጃችን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በተመረቀች ጊዜ ነው። ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ቀን ጨመርን። ምርቃት ባይኖር ኖሮ ለዕረፍት ብለን ከቤት እንደማንወጣ ይገባኛል። መንገዱ ከወልድያ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርድና ባሕር ዳር ይገባል፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ደጋው ስለሚበርድ ጋቢ ያስፈልጋል።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዓባይም ከዚያው ይነሣል። ጀልባ የምንከራየው ባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ የሚከፈለው ለጀልባው ነው እንጂ በሰው ልክ አይደለም። ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ መሄድ ከባድ ነው፤ ሌላ ሰው ጨምሮ መጋራት ይሻላል። እኛ ከሌሎች ተመራቂዎች ወላጆች ጋር ሆነን ተጋራን። ገዳማቱ ደግሞ የየራሳቸው መግቢያ ስላላቸው ያንን ለብቻ መያዝ ነው። ጀልባው ላይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብሱ መቀመጥ አያስፈልግም። መነሣትም በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ያስፈራል።

መጀመሪያ የቆምነው ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። ወንዶቹ ወረዱ፤ እኛ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቀረን። አንዷ እናት «ይህን ያህል መንገድ መጥተን ልንቀር!» ብላ አዘነች። እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ውሃውን ሳይ፣ ታንኳው ላይ ሆኖ መረብ የሚጥለውን ዓሣ አጥማጅ ሳይ፣ አንድ ነገር ታወቀኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ውሃ ስጪኝ፣ ጫማዬ የት ነው፣ ምሳ ደርሷል ወይ የሚል የለም። ካገባሁ ጀምሮ ተቀምጬ፣ በጤናዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ የዋልኩባት አንዲት ሰዓት እሷ ናት።

ባለቤቴ ሲመለስ ደግሞ ያየውን ሊነግረኝ ቸኩሎ ነበር። ሥዕሉን፣ መጻሕፍቱን፣ መነኮሳቱ ያሉትን አንድ በአንድ ነገረኝ። ቤት ውስጥ የምናወራው ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ ልጆች ደብተር፣ ስለ እድር ነው። ያን ዕለት ሌላ ወሬ አወራን። ትዳር በዕዳና በእህል ወሬ ብቻ ሲኖር ሁለቱ ሰዎች እንደ ሥራ ባልደረባ ይሆናሉ። መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ጎደሎ ነው።

ቀጥለን ዘጌ ሄድን፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው። ቤተ መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ዘጌ በጫካ ቡና የሚተዳደር አገር ነው፤ በአባቶች ውግዘት የተነሣ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ደኑም የቆየው በዚህ ነው ይላሉ። እኛ ወሎዎች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳንል ቀኑ የማይመሽልን፣ ቡናው ከዛፉ ላይ ቀይ ሆኖ ተንጠልጥሎ ቢታይ ደስ አይልም ትላላችሁ?

ራቅ ብሎ ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ። ያሠራችው ሴት ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ባሏ አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች ናት። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የምትታይበት ሥዕሏ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አለ። ሴት ልጆቻችን ይህን ቢያዩ መልካም ነው።

ሙስሊም እህቶቼ «ለእኛስ?» ብትሉ፣ ሐይቁ የሁላችን ነው። ጉማሬውም፣ ወፉም፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ሃይማኖት አይጠይቁም። ፏፏቴው የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሲሞላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ 2 የምትባል መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና መጥታለች፤ 38 ሜትር ርዝመት ያላት፣ 188 ሰው የምትይዝ ናት። ካሪቢያን ካለው መርከብ ጋር ስትነጻጸር ጫጩት ናት፤ ለእኛ ግን ትልቅ ናት።

መንገዱ ካላመቸ ወይም አቅም ካነሰ ደግሞ ሐይቅ አለልን። ወደ ደሴ ስንሄድ፣ ደሴ ልንደርስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን የምናገኘው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባበት ገዳም ቢሆንም የሐይቁ ዳር ለማንም ክፍት ነው። ጠዋት ወጥቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ዳሩ ላይ አረፍ ብሎ ማታ መመለስ ይቻላል። ዕረፍት በኪሎ ሜትር አይለካም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሒሳብ ስለምይዝ የሚከለክለን ገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከአባላት ጋር ተቀምጬ ስጠይቅ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። «ላሟን ማን ያልባል?» «እንጀራውን ማን ይጋግራል?» «አማቴን ማን ይጠብቅልኛል?» ባል ሲሄድ ቤቱን የሚጠብቅለት አለ፤ ሚስት ስትሄድ የሚተካት የለም። አራት ቀን ለመውጣት የሚያስፈልጋት ከብር በፊት ሁለት እጅ ነው። ይህን እጅ ደግሞ ባንክ አያበድርም፤ ለጋሽም አይልክም። ያለው እዚህ ቤት የተቀመጥነው ዘንድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ የቤት ወንፈል እናቋቁም የሚል ነው። በአረም ጊዜና በአጨዳ ጊዜ ወንፈል እናውቃለን፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንቺ። ለቤት ሥራ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ጎረቤታም የሆኑ አራት አራት አባላት ይቧደኑ። አንዷ ስትወጣ ሦስቱ ቤቷን ይከፋፈሉ፦ አንዷ ከብቱን፣ አንዷ እንጀራውንና ውሃውን፣ አንዷ ልጆቹንና አሮጊቷን። የተሰጠው ቀን በደብተር ይያዝ፤ ባለዕዳዋ ቀን በቀን ትመልስ። ይህ ወንፈል ለጉዞ ብቻ አይደለም። የወለደች፣ ሆስፒታል የተኛች፣ ሐዘን የገባባት አባል ብትኖር ያው ደብተር ይሠራል። ባሏ የሞተባት ወይም ያላገባችም ከእህቷ ወይም ከልጇ ጋር ልትወጣ ትችላለች፤ ወንፈሉ ከባል ጋር ለምትሄድ ብቻ አይባልም።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ገንዘቡ ነው። የጉዞ ቁጠባ ከመደበኛው ቁጠባ ተለይቶ በራሱ ዓምድ ይያዝ። ለጉዞ ብድር አይሰጥ፤ ለጉዞ በግ አይሸጥ። በብድር የተሄደ ዕረፍት ሲመለሱ ዕዳ ሆኖ ደጅ ይጠብቃል። ምሳሌ ላቅርብ። ሚስት በሳምንት 25 ብር፣ ባልም በሳምንት 25 ብር ቢያስቀምጡ በሳምንት 50 ብር ነው። በ52 ሳምንት 2,600 ብር፣ በሁለት ዓመት 5,200 ብር ይሆናል። የሚበቃቸው ሐይቅ ከሆነ ሐይቅ፣ ጣና ከሆነ ጣና ይሂዱ። አቅሙ ያለው ይጨምር፤ የሌለው ይቀንስ። ዋናው ነገር ባልም ማስቀመጡ ነው። እሷ ብቻዋን ቆጥባ ሁለቱ ቢሄዱ እሱን ጋበዘችው ማለት ነው እንጂ አብረው ሄዱ አይባልም። በመደበኛው ቁጠባ ወይም በብድር አከፋፈል ወደኋላ የቀረች አባል ደግሞ መጀመሪያ ያንን ታስተካክል።

የጉዞ ቁጠባ ሌላም ጥቅም አለው። ልጅ ቢታመም፣ ዝናብ ቢጠፋ፣ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ገንዘብ ነው። ለእርባታ የተበደረችውን፣ ለልጆች ትምህርት ያስቀመጠችውን ሳትነካ ክፉውን ቀን ታልፍበታለች። ጉዞው ለከርሞ ይተላለፋል። ስለዚህ «በዚህ ኑሮ ውድነት ለሽርሽር ይቆጠባል ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ሽርሽሩ ቢቀር እንኳ ገንዘቡ አይቀርም።

ሦስተኛው ሐሳቤ ከመውጣት በፊት ስለሚደረግ ንግግር ነው። ባልና ሚስት ተቀምጠው የት እንደሚሄዱ፣ ስንት እንደሚያወጡ፣ ቦርሳውን ማን እንደሚይዝ ይነጋገሩ። ለመታየት ተብሎ አዲስ ልብስ አይገዛ፤ ለዘመድ ሁሉ ስጦታ ይዞ መመለስ ግዴታ አይሁን። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚጨርሰው መንገዱ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ስንቁም ቆሎና ዳቦ ይበቃል፤ ሁለት ቀን በጭስ የሚያስቀምጥ ስንቅ አይዘጋጅ።

«ሰው ምን ይላል?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሰው ይላል። መጀመሪያ ቁጠባ ስንጀምርም ብሎ ነበር። ሴቶች ተሰብስበው ሐሜት ነው የሚያወሩት ተብለናል። ዛሬ የሚሉት ሰዎች ሚስቶች እዚህ ተቀምጠዋል።

ለምታግዙን ወዳጆቻችንም አንድ ነገር ላረጋግጥ። እናንተ ከላካችሁት ለተዘዋዋሪ ብድር ከተያዘው ገንዘብ አንዲት ብር ለጉዞ አይወጣም። የጉዞው ዓምድ አባላት ከራሳቸው ላይ የሚያስቀምጡት ብቻ ነው፤ ሒሳቡም በየስብሰባው ይነበባል። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከእናንተ ለመደበቅም አልፈለግንም። ድሃ ሴት ስትሠራ ብቻ እንጂ ስታርፍ መታየት የለባትም የሚል ሰው ካለ ሐሳቡን በአክብሮት እንቃወማለን። በግ ያረባነው፣ ሽንኩርት የሸጥነው፣ ብድር የመለስነው ኑሯችን እንዲሻሻል ነው። ኑሮ ተሻሻለ የሚባለው ደግሞ ሥራ ስለበዛ ብቻ አይደለም።

መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ሰላም ባልሆነበት ወቅት ማንም አይውጣ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። ቁጠባውና ወንፈሉ ግን መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ሦስቱ ሐሳቦች፣ ማለትም የቤት ወንፈል፣ የተለየ የጉዞ ቁጠባና ብድር ያለመስጠት ደንብ፣ ከባልና ሚስት ንግግር ጋር ተጽፈው ለኮሚቴው ቀርበዋል። ተወያዩባቸው፤ የሚጨመር ጨምሩ፤ የሚቀነስ ቀንሱ። እጅ የምናወጣው ግን ለየብቻ በየነጥቡ ይሁን፤ በጉዞው ያልተስማማች አባል ወንፈሉን ልትደግፍ ትችላለችና።